ምነው ያሉን ሰዎች

እኛ የሽያጭ ሠራተኞች ዘንድ «ዛሬ ስንት ምነው በላህ?» የሚባል ሰላምታ ነበር። ከመስክ የተመለሰ ሰው ገና ጫማውን ከጭቃ ሳያራግፍ፣ ደኅና ገባህ ወይ ሳይባል፣ ይሄ ይቀድመዋል። ምነው መብላት ማለት በእኛ ቤት ቋንቋ እቃህን ዘርግተህ፣ ለፍልፈህ፣ ላብህን ጠርገህ ስታበቃ ደንበኛው «ምነው!» ብሎ ሲያሰናብትህ ነው። ሦስት ምነው የበላ ይታዘንለታል። አምስት የበላ ሻይ ይጋበዛል። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህቺ ቃል በቧሂት ተራራ ዳገት ላይ፣ በጉም መሀል፣ በሰው ፊት እንዴት እንዳፋጠጠችን ነው።

ዘሃራ እባላለሁ። ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ፣ ከአያት ቅድመ አያት የነጋዴ ዘር ነኝ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማኔጅመንት ተማርኩና የሶላር መብራት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የደጋውን የሽያጭ ቡድን እንዳስተባብር ተቀጠርኩ። ዘመኑ ብሉቱዝ ከሰላምታ የሚቀድምበት ነበር። ሰው ከሰው ሲገናኝ «ምን አዲስ ነገር አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ወሬ ፈልጎ ሳይሆን ስልኩ ላይ ዘፈን እንዲላክለት ነበር።

ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮ የሚላክልን የሥልጠና ወረቀት ለትራስ የሚበቃ ነበር። «ደንበኛ ሲቃወም»፣ «ደንበኛ ሲያመነታ»፣ «ደንበኛ ዝም ሲል» እያለ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፋፈለ። ያነበበው የለም። ሻጮቼ ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ ደግሞ ማዳመጫ ተሰክቷል። ካላነበቡ ይስሙ አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቢሮውን መስኮት የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ እዘጋና አንዱን ሻጭ ስልኬ ፊት አስቀምጬ ሳምንቱን እንዲያወራ አደርገዋለሁ። እንዴት እንደሸጠ፣ እንዴት እንደተባረረ፣ ውሻ እንዴት እንዳሯሯጠው። መግቢያና መውጫውን እኔ በድምፄ እሞላዋለሁ። ከዚያ በሜሞሪ ካርድ እየገለበጥኩ አድላቸዋለሁ። ስሙንም «የቅዳሜ ወሬ» አልነው።

እውነቱን ለመናገር ወሬው ሥራውን ሠርቷል። ከእንፍራንዝ የምትመጣው አስናቀች ሥራውን ልትተው ቆርጣ ነበር። ታሪኳን የተናገረች ዕለት ሁሉም ሲያጨበጭብላት ግን ሐሳቧን ለውጣ ቆየች። ቅዳሜ እያረፈደ ሲመጣ የነበረው ሁሉ ማልዶ መምጣት ጀመረ። ሽያጩ ግን እንፍራንዝ አካባቢ ሲሻሻል ወደ ላይኛው ደጋ፣ ወደ ጃናሞራ ሲሆን ንቅንቅ አልል አለ።

የዮናስ ታሪክ የተቀረጸውም በዚያ ሰሞን ነው። ዮናስ አዳማ ያደገ፣ የጎንደር ልጅ አግብቶ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ ቤት የተከራየ፣ ሰው በማስመሰል ተወዳዳሪ የሌለው ልጅ ነው። አፍ ያለው ያግባኝ ያለችው ሴት እሱን ብታየው ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። መካነ ብርሃን አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቤት እንደገባ፣ በክብር እንዳስቀመጡት፣ እርጎ እንዳቀረቡለት፣ እሱም ስለ ሶላሩ አንድ ሳያስቀር እንዳስረዳ ተረከልን። ከዚያ ደረቱን ነፋ፣ ድምፁን አጎረነነና፣ «ምነው!!! እኔ በመብራት ምን ላደርግ!» ብሎ ጮኸ። «ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ቁልቁለቱን በሩጫ!» ብሎ ጨረሰው። ሳቃችን አላቆም አለ። ያ ቅጂ ከሁሉም በላይ ተደመጠ፤ ምነው መብላት የሚለው አነጋገርም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ሆኖ ቀረ።

እኔም የጎንደር ልጅ ሆኜ አልጠረጠርኩም። እኛ ቤት ምነው የቁጣ ቃል ነው። ብርጭቆ ስሰብር እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «ምነው አንቺ ልጅ!» ትለኛለች። ስለዚህ ሻጮቼ ከደጋ ምነው ይዘው ሲመጡ፣ ወደ አዲስ አበባ በምልከው ሪፖርት ላይ «ደንበኛው ተቃውሟል» እያልኩ እሞላ ነበር።

ግንቦት ላይ አቶ ሰለሞን ከአዲስ አበባ ደወለ። የሁላችንም የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። «ዘሃራ፣ የደጋውን ቡድን ልንዘጋው ወስነናል» አለኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ አንዴ አብሬያችሁ እወጣለሁ። ግን ተስፋ አታድርጊ።»

«እሺ» አልኩት።

ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ለምን አላልኩም። እንዲህ ነው ያደግኩት፤ ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ነው፣ ዝም አይነቅዝም ነው። ስልኩን ዘግቼ ግን የሻጮቼን ስም ዝርዝር አወጣሁ። የዮናስ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። አስናቀች ወንድሞቿን የምታስተምረው በዚህ ሥራ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? አልነገርኳቸውም። «ኃላፊው ሊጎበኘን ነው» አልኩና ዝም አልኩ፤ እነሱም ደስ አላቸው፤ የእነሱ ደስታ ከራሴ ኀዘን ይልቅ ከበደኝ።

አቶ ሰለሞን፣ ዮናስና እኔ ደባርቅ አድረን በማግስቱ ማለዳ ወደ መካነ ብርሃን በሚሄደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ በተራሮቹ ብሔራዊ ፓርክ መሀል ሽቅብ ይወጣል። አቶ ሰለሞን በስስ ጃኬት ነበር የመጣው፤ ቧሂት ሳንደርስ ከንፈሩ አመድ መሰለ። አጠገቡ የተቀመጡ ሴት ሳይጠይቁት የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉበት። እምቢ ለማለት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

ዳገቱ ወገብ ላይ ጉም ዋጠን። ሹፌሩ የራሱን የመኪና አፍንጫ እንኳ ማየት ሲያቅተው ዳር ይዞ አቆመ። «እስኪገለጥ ነው እንግዲህ» አለና ሞተሩን አጠፋ። ከውጭ ሽው የሚል ካፊያ ብቻ ይሰማል። ሰው ቆሎውን አወጣ፤ ተቃመሰ። ሹፌሩ ዘፈን ሊያሰማን ፈልጎ ፍላሹን ቢሰካው ቢነቅለው አልነበብ አለው።

«ሜሞሪ ያለው ሰው የለም?»

«እኔ ጋ አለ!» አለ ዮናስ፣ ከእኛ ኋላ። ከስልኩ አውጥቶ በሰው በሰው አቀበለው። ዘፈን የሞላበት ነበር፣ አልዋሸም። ዘፈን ብቻ አለመሆኑን ግን ረሳው።

ሹፌሩ ሰክቶ ሲከፍተው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ስፒከር የእኔው ድምፅ መጣ፦ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ የቅዳሜ ወሬ ነው፤ ዛሬ ዮናስ ከጃናሞራ ያመጣውን ያወራችኋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አቶ ሰለሞን ዞሮ አየኝ። «ይሄ አንቺ ነሽ እንዴ? ይሄማ ፖድካስት ነው!»

«እኛ ወሬ ነው የምንለው» አልኩት በሹክሹክታ። ዮናስ «አጥፋው፣ ዘፈኑ ሌላ ነው!» ብሎ ተነሣ፤ ተሳፋሪው ግን «ተወው፣ ተወው፣ ይቀጥል!» አለ። ጉም ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ወሬ የመሰለ ስንቅ የለም።

ሰሙ። ስለ እርጎው ሲያወራ ፈገግ አሉ። ስለ ቤቱ አቀማመጥ፣ በራፉ ላይ ስላለችው ኮሶ ዛፍ፣ ስለ ባለቤቱ የአነጋገር ለዛ ሲያወራ አንዳንዱ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ያ «ምነው!!!» ሲመጣ መኪናው በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ መሀል አንዲት ሴት፣ «ኧረ ይሄማ የአያ ፈረደ ቤት ነው! አያ ፈረደ፣ አንቱን'ኮ ነው!» አለች።

ሳቁ ወዲያው ቀጥ አለ። አንድ ሰው ከኋላ «አዬ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲል ተሰማኝ።

ከሹፌሩ ጀርባ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ሲያንቀላፉ የመሰሉኝ ሽማግሌ ቀስ ብለው ዞሩ። ዮናስ ሲያያቸው ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። የሰው ቤት ገብቶ፣ እርጎ ጠጥቶ፣ ባለቤቱን በአገሩ ሰው ፊት መሣቂያ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አዳማም ቢሆን ይታወቃል። ጃናሞራማ አይነገርም። እኔ ደግሞ የቀረጽኩት፣ ያሣመርኩት፣ ያባዛሁት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው ከቢሯችን ወጥቶ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቡድኑ እንደሚዘጋ ለሻጮቼ ሳልነግር፣ እነሆ ደጋው ራሱ ሊዘጋብን ነው ብዬ ፈራሁ።

አያ ፈረደ ለሹፌሩ፣ «መልሰህ ክፈትልኝ» አሉት።

«አያ፣ ይቅር ተዉት፣ የልጅ ነገር ነው» አለ ሹፌሩ።

«ክፈተው አልሁህ። ከመጀመሪያው።»

ከፈተው። አሁን የሚስቅ የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ቁልቁለቱን በሩጫ» የሚለው ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ «የታል ልጁ?» አሉ።

ዮናስ ተነሣ። ጣሪያው ስለማያስቆመው ጎንበስ ብሎ፣ «እኔ ነኝ አያ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ድምፁ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼው አላውቅም።

«እኔ እንዲያ ጮኽሁብህ?»

ዮናስ የፊቱን ወንበር ጀርባ ጨበጠ።

«ተናገር እንጂ የኔ ልጅ። ጮኽሁብህ?»

«አይ… አልጮኹም። ለማሣቅ ብዬ ነው የጨመርኩበት።»

«ምን ብዬ ነበር ያልሁህ?»

«ምነው… ምነው ብለው።»

«ኧኸ! ምነው አልሁ። ምነው ማለት ለምን ማለት አይደለም እንዴ? ጠየቅሁህ'ኮ! መልሱን እሰማለሁ ብዬ ስጠብቅ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ወጣህ። ተበራፌ ቆሜ ተጣራሁ፤ ዘወር ብለህም አላየኸኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔስ እንግዳ አስቀየምሁ፣ ምን ክፉ ቃል ተናገርሁት ይሆን ስል ነው የከረምሁ» አሉ።

እኛ በእሳቸው ስንስቅ በከረምንበት ጊዜ እሳቸው እኛን ያስቀየሙ መስሏቸው ሲጨነቁ ከርመዋል። ደግሞ እሳቸው ብቻ ቢሆኑ! ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሳሳቅን የቆጠርናቸው ምነዎች ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደሩ። በዳባት፣ በደባርቅ፣ በመካነ ብርሃን፣ ያ ሁሉ ሰው ሊገዛ ፈልጎ ጠይቆን ነበር፤ እኛ ደግሞ ተሳደበ ብለን ሸሸን። እኔም «ተቃውሟል» ብዬ ጻፍኩበት።

«በል አሁን መልስ» አሉ አያ ፈረደ። «ጊዜ እንደሁ አለን፤ ጉሙ አልተገለጠ።»

ስልኬን አወጣሁ። ልቀርጽ ፈለግኩ፤ ከዚያ ግን አፈርኩ። ተነሥቼ፣ «አያ ፈረደ፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ የቀረጽኩት። አሁን የምትነጋገሩትን ብቀርጸው ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

አዩኝ። «አንቺ ነሽ እንደምን ሰነበታችሁ የምትይው? ድምፅሽስ ሸጋ ነው። ቅረጪው። ወሬውንም አትተዉ፤ ሰው ተወሬ ይማራል። ግን ይኼ ልጅ በኔ ጉሮሮ አይናገር። ጉሮሮዬ ይኸው ተኔ ጋ አለ።»

ሰው ሳቀ። አሁንስ ሳቁ ሌላ ነበር፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ።

ዮናስ ጀመረ። «ይህ መብራት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ዘመናዊ፣ ለአያያዝ ምቹ…»

«እሱንማ ነግረኸኛል። እኔ የጠየቅሁህ ለኔ፣ ለፈረደ፣ ምነው ብዬ ነው።»

ዮናስ ወደ እኔ አየ። የሥልጠናው ወረቀት ውስጥ «ደንበኛው ለእኔ ለምን ሲል» የሚል ምዕራፍ የለም። ልጁ መልሶ ወደ ሽማግሌው ዞረና፣ «አያ፣ ቤትዎ ሲመሽ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ሳላውቅ እንዴት እመልሳለሁ? እርስዎ ይንገሩኝ» አላቸው።

«አሁን ሰው ሆንህ» አሉ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። «ባለፈው ክረምት ላሜን በሌሊት ምጥ ያዛት። ኩራዝ ይዤ ብወጣ ነፋስ አጠፋብኝ። እንደገና ለኮስሁ፣ ዝናብ አጠፋብኝ። በዳሰሳ አዋለድኋት። ጥጃው ደኅና ወጣ። እሷ ግን ደም እየፈሰሳት ኖሯል፤ አላየሁም። ሲነጋ ነው ያየሁት።» እጃቸውን ገለጥ አድርገው አዩት። «ሸጋ ላም ነበረች። እና አንተ ስትመጣ፣ ይኸ ያንተ መብራት ነፋስ ያጠፋው ይሆን? ዝናብ ያበላሸው ይሆን? ይህን ልጠይቅህ ነበር። ምነው ያልሁህ ለዚህ ነው።»

አቶ ሰለሞንን ጋቢ ያለበሱት ሴት «እኔን» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ዮናስ ቦርሳውን ከፍቶ ሶላሩን አወጣ፣ አበራው፣ የመስኮቱን መስታወት ገፋና እጁን እስከ ትከሻው ወደ ውጭ ሰደደ። ቀዝቃዛው ነፋስ መኪናው ውስጥ ገባ። ካፊያው እጅጌውን አረጠበው፣ ከመብራቱም ላይ ውኃው ይወርዳል። ጉሙ መሀል ያቺ ነጭ ብርሃን ቀጥ ብላ ቆመች። ሁላችንም ወደ መስኮቱ አንገታችንን አስግገን አየን። ልጁ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አላስገባውም።

«አያጠፋውም አያ» አለ በመጨረሻ።

«አየሁት» አሉ አያ ፈረደ። «አየሁት። በል እጅህን አስገባ፣ ትታመማለህ።»

ከዚያ በኋላ መኪናው ገበያ ሆነ። «እኔ ሌሊት እህል ወፍጮ ለማድረስ በገደል ጫፍ ነው የምሄድ፣ ሩቅ ያሳያል?» «እኔ ልጆቼ ጢሱ ያስላቸዋል፣ ይህ ጢስ የለውም አይደል?» «ደመና ሲሆንስ ምነው? ከየት ይጠጣል ፀሐዩን?» ምነው ከየአቅጣጫው ዘነበ፤ ዮናስ እየዞረ መለሰ፣ ያላወቀውንም «ይሄን አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» አለ። አቶ ሰለሞን ጋቢው ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። ጉሙ ሲገለጥ ሹፌሩ ነበር የነገረን፤ መስኮት የሚያይ ሰው አልነበረም።

መካነ ብርሃን የያዝነውን ሶላር ሁሉ ሸጠን አራግፈን ተመለስን። አያ ፈረደ ግን ያቺን በጉም የተፈተነችውን ካልሆነ ሌላ አልወስድም ብለው ያችኑ ወሰዱ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሏችሁ ይሆናል። ለእኔ ግን የቀረው ነው የባሰው። ጎንደር ገብተን ቢሮ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር አቶ ሰለሞን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘሃራ፣ ጉዞው ጥሩ ነበር። እውነት ደስ ብሎኛል። ግን ውሳኔው ውሳኔ ነው፤ አንድ አውቶቡስ ሰው ገዛ ብዬ ላስለውጠው አልችልም።»

እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሃያ ስንት ዓመት የለመደው ቦታው ነው። ዋጥኩት።

«ምነው?» አልኩት።

ደነገጠ። የተቆጣሁ መሰለው። እኔ ግን አልተቆጣሁም፤ እንደ አያ ፈረደ ጠየቅኩና መልስ ጠበቅኩ። ዝምታው ረዘመ፤ አልሞላሁለትም።

«ምክንያቱም…» አለ፤ ተቀመጠም። «ምክንያቱማ ከዚህ የሚመጣልን ወረቀት ሁሉ ተቃውሟል፣ ተቃውሟል ነው የሚለው። ደጋው አይፈልግም ብለን ነዋ።»

«ደጋው አይፈልግም ወይ?»

አቶ ሰለሞን ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እስቲ ያን የሽማግሌውን በብሉቱዝ ላኪልኝ። ዋናው ቢሮ ያሉትም ራሳቸው ይስሙት። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ቃል አልገባልሽም።»

ላኩለት። ያ ፋይል ወደ እሱ ስልክ እስኪያልፍ የጠበቅኩትን ያህል የዩኒቨርሲቲ ውጤቴንም አልጠበቅኩም። ከሳምንታት በኋላ ደወለና፣ «ክረምቱን ሥሩ፣ መስከረም ላይ እንነጋገራለን» አለ። መስከረም ላይ ስለ መዝጋት ያነሣ ሰው አልነበረም። አስናቀችም ዮናስም ሥራቸው ላይ ቆዩ። ያን ሁሉ ጊዜ አፋፍ ላይ እንደነበሩ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ምነው አትነግሪንም?» አሉኝ፤ ያቺኛዋ ምነው እውነትም የቁጣ ነበረች።

የቅዳሜ ወሬም ተለወጠ። ደንበኛን ማስመሰል ቀረ፤ ፈቃድ ጠይቀን ባለቤቱ በራሱ ጉሮሮ እንዲናገር እናደርጋለን። አዲስ ሻጭ ሲቀጠር ወረቀት አልሰጠውም። የቧሂቱን ቅጂ አሰማዋለሁ፤ «በል አሁን መልስ» የሚለው ጋ ሲደርስ አቆመውና «አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ስለ ባትሪው ማውራት ይጀምራሉ። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ተስፋ አለው።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ መጠየቅ ግን ለጠያቂው ብቻ መስሎኝ ነበር። ተጠያቂው ቆሞ ካልጠበቀ ጥያቄው ስድብ ሆኖ ይቀራል። እናንተም የምታነቡኝ፣ ሻጭ ባትሆኑ እንኳ አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ባል ይሁን እናት ይሁን ጎረቤት፣ ምነው ብሏችሁ ቦርሳችሁን አንጠልጥላችሁ የወጣችሁበት በር አይጠፋም። እስቲ ተመለሱና አንኳኩ። ያ ሰው እናንተን ያስቀየመ መስሎት፣ ዛሬም በራፉ ላይ ቆሞ መልሱን እየጠበቀ ይሆናል።